ማሳሰቢያ፦ ተጎታች ለመሳብ ፒክአፕ ልትገዙ ላሰባችሁ

ይድረስ ለሳንጃ፣ ለአብርሃጅራ፣ ለአብደራፊ፣ ለገንዳ ውኃና ለመተማ ዮሐንስ አልሚዎች፣ አርሶ አደሮች፣ ነጋዴዎችና አሽከርካሪዎች።

የሰሊጥ አጨዳ ሲቃረብ ቆላው መኪና ይፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ ዋልካው ይዞት የከረመ እርሻ ከመስከረም አጋማሽ ወዲያ ውኃውን፣ ናፍጣውን፣ ስንቁንና ሠራተኛውን ባንድ ጊዜ ይጠይቃል። ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው ረግፎ መሬት ላይ ይቀራል። ፒክአፕ ገዝቶ ከኋላው ተጎታች ማሰር የሚታሰበው በዚህ ጥድፊያ ውስጥ ነው። ሐሳቡን አንነቅፍም። ትራክተሩ ሥራውን ትቶ ውኃ ሲያመላልስ አይውልም። የምንነቅፈው የግዢውን አካሄድ ነው። ሰው መኪናውን አስቀድሞ ይገዛል፤ የሚጎትተውን ነገር ክብደት ግን ከገዛ በኋላም አያውቀውም።

«አያ፣ ይቺ እኮ ተራራ ትጎትታለች!» ይላል ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ። አልዋሸም፤ ትጎትታለች። ደህና የናፍጣ ሞተር በአንደኛ ማርሽ፣ ሜዳ ላይ፣ ከተፈቀደለት በላይ ብዙ ጭነት ያንቀሳቅሳል። ሞተሩ ቻለ ማለት ግን ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ኩሽኔታውና ሻሲው ቻሉ ማለት አይደለም። እነሱን ደግሞ ደላላው ኮፈን ከፍቶ አያሳያችሁም።

ስለዚህ ከተጎታቹ እንነሳ። ለእርሻ ካምፕ ውኃ የሚያመላልሰውን፣ ባለ ሁለት ጎማ ብረት ላይ የተቀመጠውን ሮቶ እንውሰድ። ባለ 2 ሺህ ሊትሩ ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ሺህ ኪሎ ይመዝናል፤ 20 ኩንታል ሰሊጥ ማለት ነው። ብረቱ፣ አክስሉና ጎማው ሲታከሉበት 2,500 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። አሁን ወደ መኪናው መመሪያ መጽሐፍ እንሂድ። የቅርብ ዓመታቱ ባለ 4 በ 4 ናፍጣ ሃይሉክስም ሆነ ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ በብዙ አገር የተፈቀደላቸው የመጎተት ጣሪያ 3,500 ኪሎ ነው። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ሰምቶታል፤ ደላላውም በቃሉ ይወጣዋል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን አይነበብም። 3,500 የሚሠራው ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬን ከሌለው ጣሪያው 750 ኪሎ ነው፣ ያውም የተጎታቹ የራሱ ክብደት ተጨምሮ።

ከአሮጌ አክስልና ከቁራጭ ብረት በብየዳ የተሠራ ተጎታች ስታዩ ጎንበስ ብላችሁ ጎማውን ከውስጥ በኩል ተመልከቱት። የፍሬን ሸራና ታምቡር፣ ወደ መኪናውም የሚሄድ መስመር ከሌለው የእናንተ ቁጥር 750 ነው። ብረቱ ብቻውን 400 ኪሎ ቢመዝን ለጭነት የሚተርፈው 350 ኪሎ፣ ሦስት ኩንታል ተኩል ብቻ ይሆናል። ለዚያማ የመኪናው ጀርባ ይበቃል፤ ተጎታች ምን ያደርጋል?

ስለ ሮቶው አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ሹፌር ግማሽ ውኃ መጫን ከሙሉው የሚቀልና የሚሻል ይመስለዋል። በክብደት ይቀላል፤ በመንገድ ግን ይከፋል። በግማሽ ሮቶ ውስጥ ውኃው ይናጣል። ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት ይገፋችኋል፤ መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ ተደግፎ ተጎታቹን ሊያስተኛው ይሞክራል። የነዳጅ ቦቴ በውስጡ ክፍልፋይ ያለው ለዚህ ነው፤ ሮቶ ግን ለቤት ጣሪያ እንጂ ለመንገድ አልተሠራም። መኪናውና ፍሬኑ የሚችሉትን ያህል መጠን ያለው አነስተኛ ሮቶ ግዙና ሙሉውን ሞልታችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውኃና መተማ የሚወርደው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያስጥላል። ከትክል ድንጋይ ወደ ሳንጃ መውረጃውም እንዲሁ ሰውን ከደጋ አንስቶ ቆላ የሚጥል ነው። መኪናው 2 ቶን፣ በጀርባው ያለው 1 ቶን፣ ተጎታቹ 2 ቶን ተኩል ነው እንበል። ይህ 5 ቶን ተኩል 1 ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ሙቀት 170 ሊትር ያህል ውኃ ያፈላል፤ በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ሞተሩ በማርሽ ካልያዘውና ተጎታቹም የራሱ ፍሬን ከሌለው ያ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በመኪናው አራት ፍሬኖች ላይ ነው።

ፍሬኑ ሲግል በመጀመሪያ ሽታው ይመጣል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ። ቀጥሎ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ከዚያ እግር ወለሉን ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሳበ ቁጥር ደግሞ በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፤ ያረጀውና ውኃ የሳበው ግን ደረጃው የሚጠይቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነበት አገር ለዓመታት ያልተቀየረ የፍሬን ዘይት ይዞ ተጎታች ማሰር አደጋን ከቤት ይዞ መውጣት ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሻጩ «ፍሬኑ አዲስ ነው» ቢላችሁ እንኳ ዘይቱን አስቀይሩት። ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲተያይ ወጪው የሚወራ አይደለም።

በፎሌ መውረድ የሹፌሮቻችን የቆየ አመል ነው። ናፍጣ ለመቆጠብ ነው ይላሉ። በአዲሶቹ የናፍጣ ሞተሮች ይህ ቁጠባ እንኳ የለም፤ መኪናው በማርሽ ሲወርድ እግር ከነዳጅ ከተነሳ ሞተሩ ነዳጅ መርጨት ያቆማል፤ በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ዳገቱን የምትወጡበት ማርሽ የምትወርዱበትም ማርሽ ይሁን፤ ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያዙት፣ መኪናው ከፈጠነ በኋላ መቀነስ አስቸጋሪ ነው።

ቀጥሎ ያለው ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክላችሁን ምክር ይመለከታል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ፊፍዝ ዊል የሚባለውን ተሳቢ በፒክአፕ ሲጎትቱ ቪዲዮ ይልካሉ። እዚህም በትልልቆቹ መኪኖች ላይ የምናውቀው ነው፤ ተሳቢው ከመኪናው መከላከያ ኋላ በመንጠቆ አይታሰርም፣ ከኋላው አክስል በላይ ባለ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይቀመጥና ኪንግ ፒኑ በመንጋጋ ይያዛል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ተሳቢው እንደ መንጠቆው አይወላገድም። ነገር ግን ከተሳቢው ክብደት ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በመኪናው ጀርባ ላይ ያርፋል። ተሳቢው 6 ሺህ ኪሎ ከሆነ ከ900 እስከ 1,500 ኪሎ ማለት ነው። ሃይሉክስ ሹፌሩንና ተሳፋሪውን ጨምሮ የሚሸከመው 1 ሺህ ኪሎ ገደማ ነው። በቪዲዮው የምታዩዋቸው ፎርድ ኤፍ 350 እና ራም 3500 ደግሞ ሌላ ዘር ናቸው፤ ብዙዎቹ ከኋላ አራት ጎማ አላቸው፣ ሻሲያቸውና ፍሬናቸውም ለዚያው የተሠራ ነው። ስማቸው ፒክአፕ ስለሆነ ብቻ ከእኛው ጋር አንድ አይሆኑም።

ይህን እያወቁ ጠፍጣፋውን ብረት በባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ላይ ለማስበየድ የሚያስቡ አይጠፉም። ተዉት። የባለ ሁለት ጋቢናው ጭነት ሳጥን አጭር ነው፤ የሳጥኑም መሐል ከኋላው አክስል ወደ ኋላ ይወድቃል። ክብደቱ እዚያ ሲያርፍ የመኪናው አፍንጫ ይነሳል፣ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፣ መሪው አልታዘዝ ይላል። ስትታጠፉም የተሳቢው ጥግ ጋቢናውን ይመታል። የሳጥኑ ወለል ቆርቆሮ ነው፤ ብየዳ ምን ቢያምር ቆርቆሮ ቶን አይሸከምም።

ባሌስትራ ማስደረብም የተለመደ ነው። የተደረበ ባሌስትራ ጀርባው እንዳይዘምም ያደርጋል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው፣ መኪናው ከአቅም በላይ መጫኑን የሚናገረውን ምልክት ይደብቃል። አክስሉ አልወፈረም፣ ሻሲው አልጠነከረም፣ ፍሬኑ አልተጨመረም። ለሽያጭ የቀረበ ፒክአፕ ከፋብሪካው የበለጠ ባሌስትራ ካለው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም የኖረ መሆኑን ጠርጥሩ፤ ከጋቢናው ኋላ ያለውን ሻሲ በባትሪ እያበራችሁ ስንጥቅ ወይም አዲስ ቀለም ፈልጉ።

ጎማ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። በጎኑ ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚሸከመውን ይናገራል፤ 112 የሚል ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ደግሞ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ የቆላው ሙቀትም ለአሮጌ ጎማ ምሕረት የለውም።

የቱ ይሻላል ለሚለን፣ ለእርሻ ውስጥ መንገድ አሮጌውን 4.2 ሊትር ላንድክሩዘር እንመርጣለን። ጉልበቱ ብዙ አይደለም፣ ቱርቦም ስለሌለው ወደ ደጋ ሲወጣ በየ1 ሺህ ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ይደክማል፤ ከገንዳ ውኃ ወደ አይከል ሲወጣ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግን ከበርሜል የተቀዳ፣ ያልጠራ ናፍጣ ይታገሣል። አዲሱ ሃይሉክስ ይበልጥ ይጎትታል፤ ሆኖም የነዳጅ መርጫው ውኃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ አይወድም፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ሰው በቅርብ ላይገኝ ይችላል። መንገድ ላይ ተበላሽቶ ማደር በዚህ ጊዜ የፀጥታም ጉዳይ መሆኑን መናገር አያሻም። ጭነታችሁ ከተጎታቹ ጋር 3,500 ኪሎ ካለፈ ግን ከሁለቱም አንዱን አትግዙ፤ አይሱዙ ተከራዩ።

ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አንብቡ። ተጎታቹ የራሱ ታርጋና መብራት ይኑረው፤ ሲመሽ ያለ መብራት የሚሄድ ተጎታች ከኋላ ለሚመጣ ሰው አይታይም። የሹፌሩ መንጃ ፈቃድ ለመጎተት የሚያበቃው መሆኑን ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ከመድን ድርጅቱ ጋር የገባችሁትን ውል ደግሞ ከአቅም በላይ ስለ መጫን የሚለውን ፈልጋችሁ አንብቡ። በተጎታች ላይ ሰው አይጫን። ከጎጃምና ከደጋው ለአጨዳ የወረደ ልጅ «ቅርብ ነው» ተብሎ በሮቶ ወይም በጆንያ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ተጎታች ሲገለበጥ ሹፌሩ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ተጎታቹን እንደምትጭኑት ጭናችሁ በመኪና ሚዛን አስመዝኑት፤ ቁጥሩን በወረቀት ያዙ። ከዚያ መካኒክ ይዛችሁ ሳትፈጥኑ ዳገትና ቁልቁለት ባለበት አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ንዱት። ስትቆሙ ከመንጠቆው ሥር ለመጠባበቂያ የተሻገሩት ሁለት ሰንሰለቶች መሬት አለመንካታቸውን እዩ። ቀጥሎም እጃችሁን ሳታሳርፉ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሐል አስጠጉ። ከሌሎቹ ይልቅ የሚጋረፍ ካለ ኩሽኔታው አልቋል ወይም ፍሬኑ ሳይለቅ ቀርቷል፤ ሻጩ ያንን እስኪያሠራ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት።