ስሙ የጠፋ የአፕል ችግኝ ገበያውንም ያጠፋል

በጋሞ ዞን ደጋማ አካባቢዎች፣ በተለይም በጨንቻ፣ አፕል የአርሶ አደሩ የጓሮ ተክል ከሆነ ከ60 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። በወንጌል መልእክተኞች አማካይነት የገቡት የመጀመሪያዎቹ ዛፎች ከባህር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ተላምደው ፍሬ ሰጡ። አፕል ከእንሰቱና ከገብሱ ጎን የገቢ ምንጭ ሆነ። ከጨንቻ የወጣ ችግኝም በሌሎች የአገሪቱ ደጋዎች ተተከለ።

ይሁንና ችግኝ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሙ በመንገድ ይቀራል። ገዢው “ቀዩ ነው” ወይም “አረንጓዴው ነው” ተብሎ ይወስዳል። ከዚያም ኮትኩቶ፣ ፍግ ሰጥቶ፣ ዓመታት ጠብቆ ያልፈለገውን ፍሬ ያገኛል፤ አንዳንዴም ዛፉ ከነጭራሹ ሳያፈራ ይቀራል። የባከነው መሬትና ጊዜ አይመለስም።

የዝርያ ስም ለወግ የሚያዝ አይደለም። አብዛኛው የአፕል ዝርያ በራሱ የአበባ ብናኝ በቂ ፍሬ አይዝም፤ አብሮት የሚያብብ ሌላ ዝርያ በአቅራቢያው ይፈልጋል። አናና ዶርሴት ጎልደን ብዙ ቅዝቃዜ የማይሹና ብናኝ የሚለዋወጡ ናቸው። ክሪስፒን ደግሞ ትልቅ ፍሬ ቢሰጥም ብናኙ ለሌላው አይጠቅምም። ይህንን ሳያውቅ ጓሮውን በክሪስፒን ብቻ የሞላ አርሶ አደር አበባ አይቶ ፍሬ ቢያጣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አፕል በዘር ቢተከልም እናቱን አይመስልም። ነባር ዝርያ የሚቀጥለው ቅርንጫፉ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ሲዳቀል ብቻ ነው። ስለሆነም የአንድ ዝርያ የመጨረሻ ዛፍ ለማገዶ የተቆረጠ ዕለት ዝርያው ከአካባቢው ይጠፋል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል ወይም በጋራ መሬት ላይ የእናት ዛፎች ማሳ ማቋቋም ይቻላል። ከእያንዳንዱ ነባር ዝርያ ሁለትና ሦስት ዛፍ ተተክሎ የዝርያው ስም፣ ቅርንጫፉ የመጣበት ጓሮና የተዳቀለበት ዓመት በመዝገብ ይያዝ። ቅርንጫፍ የሰጠ አርሶ አደር ሌላ ዝርያ ይውሰድ። ማን መቼ እንደሚቆርጥና ማን እንደሚጠብቅ የጋሞ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው በዱቡሻ መክረው ይወስኑ። ሕዝብ የመከረበት ደንብ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ መመሪያ ይልቅ ይከበራል።

ልውውጡ ጥንቃቄም ይሻል። ቅርንጫፍ መወሰድ ያለበት ከጤነኛ ዛፍ ነው፤ ከታመመ ዛፍ የተወሰደ በሽታውን ለጎረቤት ያደርሳል። የእርሳስ ውፍረት ያለው የአንድ ዓመት ቅርንጫፍ ይመረጥ፤ ቢላዋው ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄድ ይጽዳ፤ የተቆረጠውም እስኪዳቀል በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅለል።

ችግኝ ሸጠው የሚተዳደሩ አርሶ አደሮች “በነጻ ከተሰጠ ማን ይገዛናል?” ብለው ቢሰጉ ስጋታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበያን የሚገድለው ልውውጥ ሳይሆን አመኔታ ማጣት ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ገዢ ዳግም አይመጣም። ከተመዘገበ እናት ዛፍ የተዳቀለና ስሙ የተጻፈበት ችግኝ ያቀረበ ግን ከሩቅ ወረዳም ይፈለጋል።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ይህን ሥራ በዓመት ዕቅዳቸው ሊያካትቱት ይገባል። የቀበሌ የግብርና ባለሙያዎችም ማሳ ከመምረጥ በፊት የመጀመሪያዎቹን ዛፎች ከሚያውቁ አዛውንቶች ጋር በየጓሮው ዞረው የትኛው ዛፍ ምን እንደሆነ ይመዝግቡ። ዛፉም አዛውንቱም እያረጁ ነው፤ ምዝገባው ለሚቀጥለው በጀት ዓመት የሚተው አይደለም።