«የወፍ በሽታ የሐኪም አይደለም» ለምትሉ

ይህን አባባል በደብረ ታቦርም በጋይንትም ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም።

ጉበት በድንገት ሥራውን ሲያቆም የመጨረሻው ሕክምና ንቅለ ተከላ ነው። ከዚያ በኋላ መትረፍን የሚወስኑት ዕድሜ፣ የበሽታው መነሻ፣ የተለገሰው ጉበት ጤንነት፣ በተለይም ታማሚው ራሱን ሳይስትና ኩላሊቱ ሳይደክም መድረሱ ነው።

አገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላን በ2008 ዓ.ም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጀምራለች። ለጉበት ግን ታማሚው ውጭ አገር ነው የሚሄደው። ይህ በሽታ ደግሞ ፓስፖርት እስኪወጣ አይጠብቅም። ስለዚህ የእኛ ትልቁ መድኃኒት ቶሎ መድረስ ነው።

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ከቃዠ፣ ቀን እያንቀላፋ ሌሊት ካደረ ወይም ከደማ፣ ቅጠሉን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል አድርሱት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ቢጫነቱ ብቻ ይበቃል፤ ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

ለቤተሰብዎ ያካፍሉ።