ሥልጣን ዳርቻ ይኑረው

ሕገ መንግሥት ሲባል ለብዙዎቻችን የፈተና ጥያቄ ነው። በስንት ዓ.ም. ወጣ፣ በማን ዘመን፣ ስንት አንቀጽ አለው፤ ሸምድደን እንፈተናለን፣ አበቃ! ነገር ግን ነገ አርዲቦ ዳር ካሉት ትምህርት ቤቶች ባንዱ ስናስተምር አንድ ልጅ «ሹምን የሚያዘው ማነው?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? ለዚህ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ታሪክ ይጠቅመናል።

ተክለ ሐዋርያት በልጅነታቸው ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ መኮንንነት የተማሩ ሰው ናቸው። አብዮተኛ አልነበሩም። ዘውዱ ይቆይ፣ ግን በሕግ ይመራ ባይ ነበሩ። እዚህ ወሎ ስማቸው ሲነሣ ቅር የሚለው አይጠፋም፤ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ካወረዱት ወገን ነበሩና። ቅሬታው ይገባናል። ይሁን እንጂ ሰውን በአንድ ሥራው ብቻ መዝኖ መጣል የመምህር ወግ አይደለም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። አብነቱ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። በ55 አንቀጾቹ ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ፤ የመንግሥት ገንዘብም በዓመት በጀት እንዲወጣ ተጻፈ። ዋናው ሥልጣን ግን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ አልወጣም። የሕግ መወሰኛውን የሚሾሙት እሳቸው፣ የሕግ መምሪያውን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ሆኑ። ገበሬው የለበትም።

ታዲያ ምን ረባ? የሚል ይኖራል። ረብቷል እንላለን። የንጉሥ ሥራ አንዴ በጽሑፍ ከተዘረዘረ ሌላውን ለመጠየቅ በር ይከፈታል። በ1948ቱ ማሻሻያ የሕግ መምሪያውን ሕዝብ እንዲመርጥ ተፈቀደ። በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምክር ቤት ተጠያቂ የሚያደርግ ረቂቅ ተዘጋጀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዘውዱ ሲወርድ ግን ረቂቁም አብሮ ቀረ።

የዘገየበትን ዋጋ የከፈለው ማነው? በ1965 እና በ1966 የወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ ነገሩ ተሸፋፈነ። ሹሙን አቁሞ የሚጠይቅ፣ ጉልበት ያለው ምክር ቤት አልነበረም። ለእኛ ለወሎ ልጆች የሥልጣን ወሰን የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ከ1923 እስከ 1987 አገራችን አራት ሕገ መንግሥት አጽድቃለች። ወረቀቱ አልጠፋም፤ የጎደለው ልማዱ ነው። ልማድ ደግሞ ከክፍል ይጀምራል። የክፍሉን ደንብ ከልጆቹ ጋር እናውጣ፤ ለእኛም ይሥራ። አርፍደን ስንገባ ልጁ «ደንቡስ፣ መምህር?» ቢለን አንቆጣው። አርዲቦ እንኳ ሐይቅ የተባለው ዳርቻ ስላለው ነው!