ስኮርታው ላይ የተሰቀለው ጓዝ

ወዳጄ መኪናውን ይወዳል። ሰው መኪናውን መውደዱ ነውር አይደለም። በተለይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ያለችውን አሮጌ ፕራዶ እንደ አባት ርስት ይዞ፣ ጉልበቷን እያሳሸ ማኖር የባለመኪና ሁሉ ዕጣ ሆኗል። እኔ የምጣላው ከፍቅሩ ጋር አይደለም። የምጣላው ከኋላዋ ካስገጠመው ነገር ጋር ነው።

ላላያችሁት ላስረዳ። የእሱ ፕራዶ ስኮርታዋን የተሸከመችው የኋላ በሯ ላይ ነው። ወዳጄ ከስኮርታው ላይ ሌላ የብረት መደርደሪያ አሠራ። ከቱቦላሬና ከፌሮ የተበየደ፣ ግራና ቀኝ ጀሪካን የሚያስቀምጥ፣ መሐሉ እንደ አልጋ ተዘርግቶ ጆንያ የሚቀበል። የታሰረውም ስኮርታውን በያዙት በእነዚያው ብሎኖች ነው። ብሎኖቹ በረጃጅም ተለውጠው፣ ጎማው ከመሐል ሆኖ፣ መደርደሪያው ከላዩ በዳዶ ተጠርቅሟል። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሲያልቅ «አሁን ሳፋሪ መሰለች!» አለኝ። ለእኔ ግን ኮርቻው በስህተት ጭራዋ ላይ የተጫነባት በቅሎ ነበር የመሰለችኝ። አልነገርኩትም። ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ምን ይባላል?

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ አራት ሆነን ወንጪ ሄድን። በወሊሶ በኩል ስንመለስ የበቾ ሜዳ ሽምብራ እሸት ላይ ደርሷል። ቱሉ ቦሎን ካለፍን በኋላ መንገድ ዳር ቆመን እሸቱን በእስር በእስር ገዛን። ከሰልም ገዛን። አንዱ የከሰል ጆንያ የእኔ ነበር፤ ይኼን አስምሩበት፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ሁሉም መደርደሪያው ላይ ወጣ። ግራና ቀኝ ደግሞ ወዳጄ «መንገድ ላይ ነዳጅ ቢጠፋስ?» ብሎ ከአዲስ አበባ ጀምሮ የጫናቸው ሁለት ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች፣ ቤንዚን እንደ ሞሉ፣ ሌባ እንዳይነካቸው በሰንሰለትና በቁልፍ ታስረዋል።

ተፍኪ ልንገባ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረን የግራው የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጎማ ለመቀየር ስኮርታው ይፈለጋል። ስኮርታው እንዲወጣ መደርደሪያው ይፈታ፤ መደርደሪያው እንዲፈታ ጓዙ ይውረድ፤ ጓዙ እንዲወርድ የጀሪካኑ ቁልፍ ይገኝ። ቁልፉ የለም። ሦስት ማዕዘኗ አንጸባራቂ ምልክትስ? እሷ በሩ ውስጥ ናት፣ በሩም የሚከፈተው ሁሉም ነገር ከተራገፈ በኋላ ነው። ክሪኩም እዚያው። የድንገተኛ ችግር መድኃኒታችንን በሙሉ ከጓዛችን ጀርባ ቆልፈንበታል።

አራቱንም ፍሬቻ አብርተናል፣ ሞተሩንም አላጠፋንም። ግን የቀኙን የኋላ መብራት የእኔ የከሰል ጆንያ፣ የግራውን ደግሞ የተንዘረፈፈው እሸት ሸፍኖታል። ታርጋውማ ከጠዋት ጀምሮ አይታይም ነበር። ወዳጄ በሞባይል ብርሃን ከወንበር ሥር ቁልፍ ሲፈልግ፣ ከኋላ ጋሪ መጣ። ተፍኪን የሚያውቅ ያውቃል፤ በዚያ መንገድ ጋሪ የገጠሩ ታክሲ ነው፣ ሲመሽም መብራት የለውም። የሚነዳው ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፈረሱ ደንብሮ ወደ ጎን ሲል የጋሪው ዘንግ ጫፍ አንደኛውን ጀሪካን ወግቶ ቀደደው። ቤንዚኑ በፈረሱ ደረትና በልጁ እግር ላይ ወረደ። ከታች የጋለ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ያልጠፋ ሞተር።

ወዳጄ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ መጀመሪያ ያለው ቃል «ነዳጁ!» ነው። «ልጁ!» አይደለም። «ሞተሩን አጥፉት!»ም አይደለም። እኔም ብሆን ከዚያ የተሻለ ነገር አልተናገርኩም፤ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ልጁ «ይቅርታ ጋሼ፣ መብራት አላየሁም» አለ። ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው። ከዚያ ፈረሱ ቆዳው እየተለበለበ ሲወራጭ «ቢሻን! ቢሻን!» እያለ ጮኸ፤ ውኃ ማለቱ ነው። ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ይዘን የዞርን ሰዎች የነበረን ውኃ ግማሽ ሃይላንድ ነበር። ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት አንዲት እናት እንደዚያው ባለ ቢጫ ጀሪካን ውኃ በጀርባቸው አዝለው እየሮጡ መጡ። ልጁንም ፈረሱንም አጠቡልን። እሳት አልተነሣም። ለምን እንዳልተነሣ ዛሬም ምክንያቱን አላውቅም፤ የእኛ ጥንቃቄ ግን አይደለም።

በሳምንቱ ፈረሱ እንዴት እንደሆነ ለማየት ተመልሼ ተፍኪ ሄድኩ። ፈረሱ ደረቱ ተልጧል፣ ግን ቆሟል። ልጁ ለስድስት ቀን ጋሪ አልሠራም፤ የስድስት ቀን ገቢውን ወዳጄና እኔ ተካፍለን ከፈልን። ወዳጄ «የተቀደደው ጀሪካንስ?» ብሎ ሊያስብ ሲል ዓይኔን አይቶ ተወው።

እዚያው መንገድ ዳር አንድ በያጅ አገኘሁና ስለዚህ መደርደሪያ ጠየቅሁት። ሳቀ። «ጋሼ፣ እሱን የሚያሠሩት እናንተ ጋ ነው፤ እኛ ጋ የሚመጡት ሲቀደድ ነው» አለኝ። ወስዶም አንድ ሌላ መኪና አሳየኝ። በሩን ከታች ይዞ ብድግ ሲያደርገው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። «ይመልከቱ፣ ፐርኖው ተበልቷል። ላሜራው እዚህ ጋ ተሰንጥቋል። ይኼ ማጠፊያ የተሠራው ለበሩና ለአንድ ጎማ ነው።» ቀላል ሒሳብ ነው። ጎማ ከነቸርኬው ሠላሳ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሃያ ሊትር ቤንዚን ብቻውን አሥራ አምስት ኪሎ ያህል ነው፤ ሁለት ጀሪካን ሠላሳ። ከሰሉን፣ እሸቱን፣ የመደርደሪያውን ብረት ስትጨምሩበት በሩ ከታሰበለት ሸክም ሦስትና አራት እጥፍ ይሸከማል። ያውም ክብደቱ ከማጠፊያው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይብሳል፤ ባልዲ በተዘረጋ ክንድ ይዞ የቆመ ሰው ይኼን ለማወቅ ፊዚክስ መማር አያስፈልገውም። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ያ ሁሉ ሸክም ይዘላል፣ ተመልሶም ይወድቃል። ብረት ደግሞ አንድ ጊዜ በታላቅ ምት ብቻ ሳይሆን ሺህ ጊዜ በትንንሽ ምት ይሰነጠቃል። ከኋላ ጎማዎቹ አልፎ የተንጠለጠለው ክብደት የመኪናውን ፊት ቀና ያደርገውና መሪውም ይቀላል። ሹፌሩ መሪው የቀለለው መኪናው ስለተስማማው ይመስለዋል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረ ጊዜ ለተማሪዎቼ የአማርኛን ግስ እንደ ጭነት መኪና አድርጌ እነግራቸው ነበር። ከፊቱም ከኋላውም ጫኑበት፤ «እንዳይሸካከሙለት» ብትሉት እንኳ ይችላል። የሚችለው ግን ሥሩ ሦስት ፊደል ሆኖ ስለጸና ነው። የበር ማጠፊያ ግስ አይደለም። (ይኼን ምሳሌ ለበያጁ ነግሬው ዝም ብሎ አየኝ። ልክ ነበር።)

በያጁ የነገረኝ ሌላው ነገር ግን አናደደኝ። «ለቦሎ ሲሄዱ እዚህ ይፈቱታል፤ ቦሎ ከለጠፉ በኋላ መጥተው ያስገጥሙታል።» እንግዲህ ልብ በሉ። ባለመኪናው ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ያውቃል ማለት ነው። ባያውቅ ኖሮ ለምርመራ ቀን ለምን ያስፈታዋል? አላወቅሁም የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ይወድቃል። ለአንድ ቀን የሕግ ሰው፣ ለሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀን የራሱ ሰው ነው።

የሚሰጡኝን መልስ አውቀዋለሁ፤ በየቡና ቤቱ ሰምቼዋለሁ። አንደኛው «ነዳጅ የለም» የሚለው ነው። እውነት ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ዋጋው ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ማደያ ላይ ተሰልፎ ማደርና ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚቸረቸር ቤንዚን መግዛትም ለማንም አዲስ አይደለም። ይኼን ያመጣው ወዳጄ አይደለም። ግን የነዳጅ እጥረቱን ሸክም ከራሱ ላይ አውርዶ ከኋላው ለሚመጣው ባለጋሪ፣ ለባጃጁ፣ ለሞተረኛው የሰቀለው እሱ ነው። ሹፌሩ ከጀሪካኑ ጋር ያለው ርቀት ሦስት ሜትርና አንድ የብረት ግድግዳ ነው። ከኋላው ያለው ሰው ግድግዳ የለውም።

ሁለተኛው መልስ «ጂፕም እኮ ከኋላው ጀሪካን ይይዝ ነበር» ነው። ጎሽ! ታሪክ የሚጠቅስ ሰው ደስ ይለኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ዊሊስ ጂፕ ስኮርታውንና ጀሪካኑን ከኋላው ጎን ለጎን ያነግት ነበር። ነገር ግን ያ ጂፕ የኋላ በር የለውም! ጎማውም ጀሪካኑም የታሰሩት ከማይንቀሳቀስ አካሉ ጋር ነው። ጀሪካኑም ቢሆን የፕላስቲክ የዘይት ዕቃ አልነበረም። ጀርመኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጦር ሠራዊታቸው የሠሩት፣ ሃያ ሊትር የሚይዝ፣ ሦስት እጀታ ያለው የብረት ዕቃ ነው። እንግሊዞች ጀርመኑን «ጄሪ» ብለው በቅጽል ይጠሩት ስለነበር የጄሪ ጣሳ፣ ጀሪካን ተባለ። እኛ ስሙን ወስደን ብረቱን ተውነው።

ታሪክ ከተጠቀሰ ደግሞ ሌላም አለ። ፎርድ ኩባንያ ፒንቶ የምትባል ትንሽ መኪና ሠርቶ ነበር። የነዳጅ ታንኳ በኋላው ጎማ አክስልና በፓራውልቱ መካከል ነው የተቀመጠው። ከኋላ ስትገጭ ታንኳ እየተቀደደ እሳት እየተነሣ፣ ሰው ከሞተና ፍርድ ቤት ከተደረሰ በኋላ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጉ መኪኖች ለማስተካከያ ተጠሩ። ያ ታንክ እንግዲህ የብረት ነው፣ መኪናው ውስጥም ነው፣ ከፊቱም ፓራውልት አለው። የእኛው ከፓራውልቱ ውጪ፣ በዘይት ፕላስቲክ፣ በላስቲክ ታስሮ ነው የሚሄደው። ፎርድን የሚጠራው ተገኘ፤ ወዳጄን ማን ይጥራው?

ሦስተኛውና ትንሽ የሚያሳፍረው መልስ «ያምራል» ነው። እውነቱ ይኼ ይመስለኛል። ከአስፋልት ወርደው የማያውቁ መኪኖች ቦሌ መንገድ ላይ ባዶ ጀሪካን አንግተው፣ አካፋ ታጥቀው ሲንጎራደዱ አይቻለሁ። የመስክ መኪና መምሰል ከመስክ የቀለለ ነው። እንዲህ ላሉት ብዙ ጠብ የለኝም። ግን ታርጋቸውን እስከሸፈኑ ድረስ፣ ሰው ገጭተው ቢሄዱ ማን ናቸው ብለን ልንጠራቸው ነው?

ዕቃ መያዝ አትከልክለን የሚለኝ ካለ፣ አልከለከልኩም። በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ በረሃ የሚያቋርጡ ሰዎች ስኮርታና ጀሪካን ከኋላ ይይዛሉ። ነገር ግን ሸክሙን ከበሩ አውርደው ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ጠንካራ ፓራውልት ላይ፣ የራሱ ማጠፊያ ባለው ክንድ ያስሩታል፤ አንዱ ክንድ ለጎማ፣ ሌላው ለጀሪካን። ጎማው ሲፈለግ ጀሪካኑን መፍታት የለም። ይኼን የሚሠራ እጅ በሰበታም በተፍኪም ሞልቷል፤ ያ በያጅ በደረቅ አፈር ላይ በፌሮ ጫፍ ስሎ አሳይቶኛል። ብረት ይበዛል፣ ዋጋውም ከዚያኛው ይወደዳል። አቅም ከሌለ እሸቱና ከሰሉ ፖርቶመጋላ ላይ ይውጣ፣ ጎማው ብቻውን በሩ ላይ ይቅር፣ ክሪኩና አንጸባራቂው እጅ የሚገባበት ቦታ ይሁን። ቤንዚን በዘይት ጀሪካን መያዝ ግን በየትኛውም የመኪና ጎን ልክ አይሆንም። የቦሎ መርማሪዎችም በሩ ላይ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎችና የተፋቀውን ቀለም ጎንበስ ብለው ቢያዩ፣ ትናንት ምን ተፈትቶ እንደመጣ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻቸውም።

ወደ ጆንያዬ ልመለስ። መብራቱን የሸፈነው የእኔ ከሰል ነው። መደርደሪያው የወዳጄ ቢሆንም ጆንያውን አንሥቼ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ስሰቅልም ቀዩ መብራት ከጆንያው ሥር ሲጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ። አየሁት፣ «ቅርብ ነው» አልኩ፣ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ። ስለዚህ ይኼን ጽሑፍ ወዳጄ ሲያነብ ብቻውን የተሰደበ እንዳይመስለው።

ለፋሲካ ወሊሶ እንሂድ ብሎኛል። መደርደሪያው ካልወረደ አልገባም ብዬዋለሁ። «እስቲ ከበዓሉ በኋላ» ነው ያለኝ፤ እኔም በአውቶቡስ እንደምሄድ ነግሬዋለሁ።