ማዘርቦርዱ ሳይታይ ስለሚሸጥ ኮምፒዩተር

በብቸናና በሞጣ ገበያ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ በጆንያው አፍ ላይ የታየውን ብቻ አምኖ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን እስከ ክንዱ ወደ ውስጥ አግብቶ፣ ከሥር ያወጣውን በመዳፉ ላይ ዘርግቶ፣ አፈሩንና እንክርዳዱን ለይቶ ከተመለከተ በኋላ ነው ዋጋ የሚናገረው። ይኸው ነጋዴ ግን የሱቁን ሒሳብ የሚይዝበትን ኮምፒዩተር ሲገዛ የመክደኛውን ንጣትና የስክሪኑን ስፋት አይቶ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል። ሻጩም ቢሆን ከዚህ የበለጠ የሚያውቀው ነገር ብዙ ጊዜ የለም። ከአዲስ አበባ መርካቶ ተጭኖ የዓባይን በረሃ የተሻገረ ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ደግሞ፣ ለመመለስ የሚወጣው የመንገድ ወጪና የሚባክነው ቀን ብቻውን ገዢውን ዝም ያሰኘዋል።

ጉዳዩ አሁን የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዊንዶውስ 10 የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም ከወጣ ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል አሮጌውንም አዲሱንም ኮምፒዩተር እምብዛም ሳይመርጥ ሲያሠራ ኖሯል። በእርሱ ጊዜ የማዘርቦርድ ዕድሜ የቴክኒሺያን ጉዳይ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አልነበረም። መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም ዊንዶውስ 11 ሲወጣ ግን ማይክሮሶፍት ኩባንያ በማዘርቦርዱና በፕሮሰሰሩ ላይ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ግዴታዎች አስቀመጠ፤ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ አቆመ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ማዘርቦርድ አዲሱን ዊንዶውስ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም የሚለው ጥያቄ የዕቃውን ዋጋ የሚወስን ጥያቄ ሆኗል።

ከግዴታዎቹ መካከል 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ያስፈልጋል የሚለው ማንንም አያስጨንቅም፤ በገበያው ካለው ያገለገለ ዕቃ አብዛኛው ይህን ያሟላል። የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ማይክሮሶፍት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ የተጻፈ መሆን አለበት፤ ይኸውም በጥቅሉ ሲነገር ከኢንቴል 8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የተሠራው፣ ከኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ ራይዘን 2000 እና ከዚያ በኋላ የተሠራው ነው። ማዘርቦርዱም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባለው የምስጢር ቁልፍ መጠበቂያ ሊኖረው ይገባል። ከዚህም ሌላ ኮምፒዩተሩ በቀድሞው በሌጋሲ ሥርዓት ሳይሆን ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. በሚባለው የሚነሣና ሴኪዩር ቡት የተባለውን የመነሻ ጥበቃ መያዝ የሚችል መሆን አለበት።

አለመግባባቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ከነዚህ አንዱ የጎደለበት እንደሆነ በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ፍርድ አንድ ዐይነት ነው፤ ይህ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 11ን ሊያሠራ አይችልም ይላል። ነገር ግን የሌለ ነገርና ተዘግቶ የተቀመጠ ነገር አንድ አይደሉም። በሩ የተቆለፈ ጎተራ ባዶ ነው ተብሎ አይሸጥም። ብዙ ማዘርቦርዶች ቲ.ፒ.ኤም. እያላቸው ተዘግቶባቸው ከፋብሪካ የወጡ ናቸው። የባዮሱን ገጽ ከፍቶ የሚፈልግ ሰውም ቲ.ፒ.ኤም. የሚል ቃል ስላላገኘ ብቻ ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ በኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ፒ.ቲ.ቲ.፣ በኤ.ኤም.ዲ. ላይ ኤፍ.ቲ.ፒ.ኤም. ተብሎ ይገኛል። በስም ልዩነት ብቻ ደኅናው ዕቃ አይሆንም ተብሎ በቁርጥራጭ ዋጋ ሲሄድ፣ ባለቤቱ የከሰረው በማዘርቦርዱ ጉድለት ሳይሆን በመርማሪው ችኮላ ነው። የጎደለው የቱ እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባል ፕሮግራም ማይክሮሶፍት ራሱ ያለ ዋጋ አዘጋጅቷልና፣ ከመፍረድ በፊት እርሱን መጠየቅ ደግ ነው።

ከፍተኛው ጥፋት የሚደርሰው በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ዊንዶውስ 10 በሌጋሲ ሥርዓት ተጭኖበት የቆየ ዲስክ አከፋፈሉ ኤም.ቢ.አር. የሚባለው ነው፤ በዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የሚነሣ ዊንዶውስ ደግሞ ጂ.ፒ.ቲ. የሚባለውን ይሻል። ቴክኒሺያኑ ዲስኩን አስቀድሞ ሳይለውጥ ባዮሱን ብቻ የለወጠ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ የምነሣበት ዲስክ አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። በዚህን ጊዜ የደነገጠ ሰው የሚወስደው መድኃኒት ፎርማት ነው፤ ከፎርማቱም ጋር የዱቤ መዝገቡ፣ የግዢና የሽያጭ ሒሳቡ፣ ለግብር የሚቀርበው ሰነድ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ባዮሱን ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ኮምፒዩተሩን ባስነሣው ነበር። ፋይሉ ሳይጠፋ ዲስኩን ከኤም.ቢ.አር. ወደ ጂ.ፒ.ቲ. የሚለውጥ መሣሪያም ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ የመጣ ነው። እንደዚህ ያለውን ሥራ ለመጀመር መዝገቡን በሌላ ዲስክ ላይ ሳይገለብጥ የሚነሣ ቴክኒሺያን ቢኖር፣ ባለሱቁ ኮምፒዩተሩን ይዞ መውጣት አለበት። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነም ባዮሱ ከመነካቱ በፊት 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር በወረቀት መጻፍ አለበት፤ ቲ.ፒ.ኤም. ሲነካ ኮምፒዩተሩ ይህን ቁጥር ሊጠይቅ ይችላልና።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ስሕተት አለ። የኢንቴል 11ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ በመጡት በአንዳንዶቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ዲስኩ ጭራሽ አይታይም። ዲስኩ ሞቶ አይደለም፤ ቪ.ኤም.ዲ. የተባለው የማከማቻ መቆጣጠሪያ የራሱን ድራይቨር ስለሚፈልግ ነው። ድራይቨሩን ከሠሪው ድረ ገጽ አውርዶ በፍላሽ ማቅረብ ይበቃል። ዲስኩ ተቃጥሏል ተብሎ ሌላ የገዛ ሰው አዲሱም ሲሰወርበት ያን ጊዜ ነገሩ ይገባዋል።

በብቸናና በሞጣ ያለ ባለሱቅ አጥብቆ የሚያስብበት አንድ ነገር መብራት ነው። ባዮስ በሚታደስበት ደቂቃ መብራት የጠፋ እንደሆነ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ዴስክቶፑም በዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ሆኖ ካልሆነ በቀር ይህን ሥራ መጀመር አይገባም። እንዲሁም በዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ የምትቀመጠው ሲ.አር. 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱና በባዮስ የተመረጠው ሁሉ ይጠፋል፤ ትናንት የተከፈተው ቲ.ፒ.ኤም. ዛሬ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፤ ቀኑም ወደ ኋላ ስለሚመለስ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ። ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ ከመጫኑ በፊት ይህችን ባለ 3 ቮልት ባትሪ መለወጥ የሚያስወጣው ገንዘብ ከመኪናው ኪራይ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የሌለውን በተመለከተ ግን ራስን ማታለል አያስፈልግም። ፕሮሰሰሩ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ እንደሆነ በባዮስ ውስጥ የሚከፈት በር የለም፤ በዚህ ዘመን ላፕቶፖችም ላይ ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ነቅሎ መለወጥ አይታሰብም። ስለዚህ ቁጥሩን ማንበብ መልመድ ያሻል። አይ 5-7200 የሚለው 7ኛው ትውልድ፣ አይ 5-8250 የሚለው 8ኛው፣ አይ 5-10210 የሚለው 10ኛው ትውልድ ነው። አይ 7 ስለተባለ ብቻ ከአይ 5 ይበልጣል ብሎ የ6ኛውን ትውልድ አይ 7 በ8ኛው ትውልድ አይ 5 ዋጋ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለስም ከፈለ ማለት ነው። የላፕቶፑም የሞዴል ስም ብቻውን አያስተማምንም። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 የተባለው በ7ኛውም በ8ኛውም ትውልድ ፕሮሰሰር ተሠርቶ የወጣ ነው፤ አካሉ አንድ ነው፤ ዊንዶውስ 11ን በደንቡ የሚቀበለው ግን የ8ኛው ትውልድ ብቻ ነው።

ይህን ግዴታ በጎን በር የሚያሳልፍ ዘዴ መኖሩ የታወቀ ነው። የመጫኛውን ፍላሽ ትንሽ በመለወጥ ማጣሪያው እንዲዘለል ይደረግና ዊንዶውስ 11 በ6ኛውም በ7ኛውም ትውልድ ላይ ይጫናል፤ ይሠራልም። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 11 ያለው ተብሎ በሙሉ ዋጋ ይሸጣል። ማይክሮሶፍት ግን እንደዚህ ላለው ኮምፒዩተር ማሻሻያ ለመስጠት ግዴታ እንደሌለበት አስቀድሞ አስታውቋል፤ በየዓመቱ የሚወጣው አዲስ እትምም በራሱ አይመጣለትም። ሻጩ ይህን እያወቀ የደበቀ እንደሆነ፣ የከረመ ጤፍ ከአዲሱ ጋር ቀላቅሎ በአዲሱ ዋጋ ከሚሸጥ ሰው ምን ይለየዋል? በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። የፕሮሰሰሩ ትውልድ ከዚህ መረጃ ውጭ ነው የሚል ሰው ቢኖር ምክንያቱን ማስረዳት ይከብደዋል።

ድኃው ገዢ ርካሽ ዕቃ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ጥብቅነት ከገበያው ያስወጣዋል የሚል ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ100 ብር በላይ ማለፉን አስመጪዎች ሁሉ ያስታውሱታል፤ አዲስ ኮምፒዩተር ለትንሽ ባለሱቅ የሩቅ ነገር ሆኗል። ነገር ግን የ7ኛው ትውልድ ላፕቶፕ በስሙና በዋጋው ይሸጥ እንጂ አይሸጥ ያለ የለም። ለተማሪ፣ ለደብዳቤ ጸሓፊ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ሊኑክስ ሚንት የመሰለ ያለ ዋጋ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቢጫንበት ጥበቃውም አይቋረጥበትም። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ነጋዴ ግን ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ በዚህ መንገድ አይጠቀምም፤ እርሱ ከ8ኛው ትውልድ በታች ባይገዛ ይሻለዋል። ምንዛሪው የተወደደ በመሆኑም ነው ማዘርቦርዱ በከንቱ ተጥሎ ሌላ እንዳይገዛ አስቀድሞ መመርመር የሚገባው።

ነገሩ የሚቃናው ከላይኛው በር፣ ከአስመጪው ነው። ከዱባይም ሆነ ከሌላ አገር ያገለገለ ላፕቶፕ በብዛት የሚያዝ አስመጪ የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ፕሮሰሰር ሙሉ ቁጥር በዝርዝር ካልተጻፈለት ገንዘቡን ባይልክ የሚያዋጣው እርሱን ራሱን ነው። ቀረጥ ተከፍሎበት መጋዘን ከገባ በኋላ ግማሹ የ7ኛው ትውልድ ሆኖ ቢገኝ የሚከሰው ሰው በባሕር ማዶ ነው። ጅምላ ሻጩም ዝርዝሩን ለደጀን፣ ለብቸና፣ ለደብረ ወርቅና ለሞጣ ቸርቻሪዎች ከዕቃው ጋር ማስተላለፍ ይገባዋል።

ዊንዶውስ 10 የተጫነበትን አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞ የቀረው ባለሱቅ በአንድ ቀን የሚጣደፍበት ምክንያት የለም። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የጥበቃ ማሻሻያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚያራዝም መርሐ ግብር አውጥቷል፤ ክፍያው 30 ዶላር ሲሆን፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒዩተሩን ምርጫዎች በዚያው ለሚያስቀምጥ ሰው ያለ ክፍያ የሚገኝበት መንገድም አለው። ይህ ጊዜ የተዘጋውን ከሌለው ለመለየት በቂ ነው።

ቸርቻሪው በደረሰኙ ጀርባ ላይ ሊጽፍ የሚገባው ከሁለት መስመር አይበልጥም፦ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር፣ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 መኖሩና መከፈቱ፣ ዊንዶውሱም በደንቡ ወይም በጎን በር የተጫነ መሆኑ። ይህን ብጽፍ ገዢው ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ይሄድብኛል የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ ለጥቂት ገበያ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ከጎረቤቱ የገዛው ሰው ግን ኮምፒዩተሩ አዲሱን እትም አልቀበልም ባለው ማግስት ደረሰኙን ገልብጦ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው፣ የሚቀጥለውን ከየትኛው ሱቅ እንደሚገዛ ማንም አይነግረውም።