ነብሩን ማን ሠራው?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በአዳራሻችን «ላይፍ ኦፍ ፓይ» የተባለው ፊልም ሲታይ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ወዳጄ «ይህን ነብር እንዴት አድርገው አለመዱት?» ሲል ጠየቀኝ። ነብሩ ግን በአብዛኛው ነብር አይደለም። ጠጉሩን፣ ጡንቻውንና ዐይኑን በኮምፒዩተር ፊት ቀንና ሌሊት የተቀመጡ ሰዎች የሠሩት ነው። ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም መታየት ሲጀምር አዳራሹ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከወጡት አንዱ ነበርሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ራሴንም ለመውቀስ ነው።

ነብሩን የሠራው በሎስ አንጀለስ አካባቢ ይገኝ የነበረው ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው ድርጅት ነው። ፊልሙ በመላው ዓለም ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ ሠሪው ድርጅት ግን በፌብሩዋሪ 2013 እ.ኤ.አ. ከስሮ ወደ 250 የሚሆኑ ሠራተኞቹን አሰናበተ። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ፊልሙ ለዚሁ ሥራ የኦስካርን ሽልማት አገኘ። ከአዳራሹ ውጭ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሙያው ሰዎች ተሰልፈው አቤት ይሉ ነበር። በውስጥ ደግሞ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ቢል ዌስተንሆፈር የድርጅቱን ችግር ማንሣት ሲጀምር፣ «ጆውስ» የተባለው የሻርክ ፊልም ሙዚቃ ተለቀቀበትና ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ተሸላሚው አፉን እንዲዘጋ የሚደረግበት ክብር ምን ዓይነት ክብር ነው?

የችግሩ ሥር ሥራው በቁርጥ ዋጋ መሰጠቱ ነው። ድርጅቶቹ እርስ በርሳቸው ተጫርተው ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ያሸነፈው ይፈርማል። ከዚያ በኋላ አሠሪው ሐሳቡን ደጋግሞ ቢለውጥ ኪሳራው ብዙውን ጊዜ የሠሪው ነው። ቤት የሚያሠራ ሰው ግድግዳው ከቆመ በኋላ «መስኮቱን ወዲያ አዙሩልኝ» ቢል ተጨማሪ ይከፍላል፤ ፊልም አሠሪው ግን አዙሩ ብሎ ዝም ይላል። ጭነቱ በመጨረሻ የሚያርፈው በሠራተኛው እንቅልፍና ኪስ ላይ ነው። መንግሥታትም ሥራውን ወደየአገራቸው ለመሳብ ድጎማ ስለሚሰጡ፣ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ከሎስ አንጀለስ ወደ ቫንኩቨር፣ ከቫንኩቨር ወደ ለንደን ይንከራተታል። ስሙ እንኳ በፊልሙ ላይ የሚወጣው በውል ከተፈቀደው ቁጥር ውስጥ ከገባ ነው።

«ውሉን ወደው ፈርመዋል፤ ማን አስገደዳቸው?» የሚል አይጠፋም። ተዋናዩም፣ ደራሲውም፣ ዲሬክተሩም ይፈርማሉ። ነገር ግን ከነዚህ በስተኋላ ማኅበር ቆሟል፤ ፊልሙ በድጋሚ ሲታይም ክፍያ ይደርሳቸዋል። ልዩነቱ የችሎታ ሳይሆን የመደራጀት ነው።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በ1941 እ.ኤ.አ. በዋልት ዲስኒ ድርጅት ሥዕሎችን የሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። የደመወዝ አለመመጣጠንና የስም አለመጠቀስ ካማረሯቸው ነገሮች መካከል ነበሩ። ትግሉ ሲያበቃ ድርጅቱ ማኅበራቸውን ተቀበለ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማርቭል ውስጥ የተቀጠሩት የኮምፒዩተር ምስል ሠሪዎች ያለ አንድ ተቃውሞ በማኅበር ለመደራጀት ድምፅ ሰጡ፤ የዲስኒዎቹም ተከተሉ። መልካም ጅምር ነው። በቁርጥ ዋጋ በሚሠሩት ድርጅቶች ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ ግን ገና ብቻቸውን ናቸው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን ነገ በሥዕልና በኮምፒዩተር ሙያ የሚተዳደሩ አሉ። መምህራኖቻችን ሙያውን ሲያስተምሩን የውል አፈራረሙንም አብረው ቢያስተምሩን እንዴት መልካም ነበር! እኛም ከመፈረማችን በፊት ማን ከጎናችን እንደሚቆም እንጠይቅ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ለጌጥ አይደለም።

እስከዚያው ድረስ ትንሽ ነገር እንጀምር። በሚመጣው ቅዳሜ ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ አልፈው እስኪያበቁ ከወንበራችን አንነሣ።