ደባርቅ የደረሱት ጠርሙሶች

ደባርቅም ሆነ ዳባት ግሮሰሪ ገብቶ ወይን የጠየቀ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር፤ «ጉደር አለ፣ አክሱማይት አለ።» ደረቅ የሚወድ ጉደሩን፣ ጣፋጭ የሚወድ አክሱማይቱን ይዞ ይሄዳል። ሁለቱም ከ70 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የአዋሽ ወይን ጠጅ ልጆች ናቸው፤ በየሠርጉና በየመልሱ ያላየናቸው የለም። አሁን መደርደሪያው ሰፍቷል። ሪፍት ቫሊ በየወይን ዘሩ ተለይቶ ተደርድሯል። አካሺያ ደረቁም ጣፋጩም አለ። ከአዋሽ በኩል ገበታ ተጨምሯል። ከዳር ደግሞ አንድ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ጠርሙስ ብቅ ማለት ጀምሯል።

የውጭው ወይን ጠፍቶ የተመለሰ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች በውጭ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲያግድ የአልኮል መጠጦችም ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ነው። በመካከሉ መደርደሪያውን የያዘው የአገር ውስጡ ወይን ነበር፤ ብዙ ሰውም በዚያ ጊዜ ቀምሶ ወደደው። የውጭው ሲመለስ ግን አሮጌው አመላችንም አብሮ ተመለሰ። ለመልስ ወይም ለቤት ምርቃት ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ዋጋው እጥፍ ቢሆንም እጁን ወደ ውጭው ይሰዳል። ምን ዓይነት ወይን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ይበቃዋል። ይህ ልማድ ያሳዝነኛል። ሁለቱንም ወይን ሳናውቃቸው አንዱን አክብረን ሌላውን እንንቃለን።

እስቲ ከአገራችን እንጀምር። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚመጡት ከዝዋይ፣ ከዛሬዋ ባቱ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ካለማው እርሻ ነው። ችግኞቹ ከፈረንሳይ ከቦርዶ የመጡ ናቸው። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬና የአካባቢው ጅብ ማሳው ውስጥ እንዳይገባ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለታል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2006 ዓ.ም. ገበያ ወጡ። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞና ነጩ ሻርዶኔ እያንዳንዳቸው ስማቸው ተጽፎባቸው ይሸጣሉ። ለእኛ አገር ጠጪ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ድሮ «ቀይ» ወይም «ነጭ» ብቻ ነበር የምንለው፤ አሁን ዘሩን ለይቶ መጠየቅ ይቻላል። ሜርሎው ለስለስ ይላል። ሲራው ቅመም ቅመም ይሸታል፣ አፍ ይሞላል። ካቤርኔው ጠንካራ ነው፤ ምላስን ይይዛል።

ያ ጠርሙስ እዚህ እስኪደርስ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ብዙ ጊዜም የዓባይን በረሃ ሙቀት አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ወደሚገኘው ደባርቅ ይወጣል። እዚህ ላይ ብርዳችን ውለታ ይውልልናል። ቀይ ወይን ጣዕሙ በደንብ የሚወጣው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ቆላ ያለ ሰው ለዚህ ፍሪጅ ያስፈልገዋል፤ የደባርቅ ቤት ግን ብዙውን ወራት ራሱ ያንን ያህል ይቀዘቅዛል። ነጩን ደግሞ ማታ ውጭ ያሳደረ ሰው ጠዋት ከፍሪጅ እንዳወጣው ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ቀዩን ወይን ከቢራ ጋር ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱ ቤቶች ቢተዉት ደስ ይለኛል። ሲበዛ የቀዘቀዘ ቀይ ወይን ምሬቱ ይጎላል፣ ሽታው ይጠፋል፤ ከዚያ ጠጪው ኮካ አምጡልኝ ይላል። ወይንን በኮካ መቀላቀል ነውር ነው አልልም፤ ግን አንድ ጊዜ በራሱ ሙቀት ቀምሶ ከዚያ ቢወስን ይሻላል።

በርበሬና ወይን እንዴት እንደሚስማሙ እዚህ ቦታ ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ነው። ደረቅ ቀይ ወይን ውስጥ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚመጣ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ምላስ ላይ የሚሰማው መጨምደድ የእርሱ ነው። ከዶሮ ወጥ ጋር ሲገናኝ በርበሬውን ያባብሰዋል፣ ወይኑንም መራራ ያደርገዋል። ለዶሮ ወጥና ለቀይ ወጥ የሚስማማው ለስለስ ያለው ጣፋጭ ነው፤ አካሺያ ሚዲየም ስዊት ወይም የድሮው አክሱማይት። ጣፋጭ ወይን፣ ወይን የማያውቅ ሰው መጠጥ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። አክሱማይትን ከዶሮ ወጥ ጋር የሚያቀርቡ እናቶቻችን መጽሐፍ ሳያነቡ ትክክለኛውን ነገር አድርገዋል። ለሰሜን በግ ጥብስ፣ በተለይ በርበሬ ሳይበዛበት በሮዝመሪ ለተጠበሰው፣ ሲራ ይሂድለት። ጉደርም ከጥሬ ሥጋ ጋር፣ ሚጥሚጣው በልክ ከሆነ፣ ሰው እንደሚንቀው አይደለም።

የደቡብ አፍሪካዎቹም ሊታወቁ ይገባል እንጂ ዋጋቸው ብቻ አይታይ። ያ አገር ወይን መጥመቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1659 ነው። የራሱ የሆነ ዘርም አለው፤ ፒኖታዥ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1925 አብርሃም ፔሮልድ የተባለ የስቴለንቦሽ ምሁር ፒኖ ኗርንና ሳንሶን አዳቅሎ ያገኘው ነው። ጠቆር ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚሸት ወይን ይወጣዋል። ከነጩ በብዛት የሚተከለው ሼኒን ብላን ነው፤ ለዓሣና ለዶሮ አሮስቶ ይመቻል። እኔ ግን ከወይናቸው ይልቅ በሥርዓታቸው እቀናለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወይኑ የበቀለበት ቦታ በሕግ ይጠበቃል፤ የቦታ ስም የተጻፈበት ጠርሙስ ወይኑ በሙሉ ከዚያ ቦታ ካልሆነ አይፈቀድም። ገዢው የሚያነበውን ያምናል። የእኛ ጠማቂዎችም ወይኑ የተለቀመበትን ዓመትና ቦታ በግልጽ አማርኛ ቢጽፉልን፣ ሻጩም ገዢውም ይማርበት ነበር።

ወይን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ደባርቅ የገብስ አገር ናት፣ መጠጧም ጠላና አረቄ ነው፤ ነገር ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ለቅዱስ ቁርባን ዘቢብ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል፣ ይህ ሥርዓት ሳይቋረጥ የኖረ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በጣና አካባቢ ወይን ይተከል እንደነበር ጽፏል። «ወይን የፈረንጅ ነው» የሚለው ወሬ ከዚህ ታሪክ ፊት አይቆምም።

የሚያናድደኝ አያያዛችን ነው። በቅርቡ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ሻርዶኔ አየሁ፤ መስኮቱ ላይ ቆሞ ወረቀቱ በፀሐይ ነጥቷል።

«እትየ፣ ይህ መቼ ነው የመጣ?»

«ኧረ እንጃ ልጄ፣ ከፋሲካ በፊት መሰለኝ። ነጭ የሚጠይቅ የለም፤ ለጌጥ ብዬ ነው ያቆምሁት።»

የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፤ ነጭ ወይንን በሳምንታት ውስጥ ያበላሸዋል። ያን ጠርሙስ የሚገዛ ሰው «የአገር ውስጥ ወይን አይረባም» ብሎ ይወጣል፤ ጥፋቱ ግን የዝዋይ አይደለም። በብርጭቆ የሚሸጡ ቤቶችም አሉ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ ሙሉውን መግዛት ለማይችል ሰውም በሩን ይከፍታል። ነገር ግን የተከፈተ ወይን ከሁለት ሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ሳምንት የሰነበተውን ቀድቶ ማቅረብ ደንበኛ ማባረር ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አንሥቷል፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ደግ አድርጓል፤ ልጆቻችን በየሰዓቱ ጠርሙስ እያዩ እንዲያድጉ አልፈልግም። ታዲያ ማስታወቂያው ከቀረ ስለ ወይኑ የሚያስረዳን ሻጩ ነው። በሰሜን የተቀሰቀሰው ጦርነት ቱሪስቱን ካራቀው ወዲህ የደባርቅ ግሮሰሪዎችና ሆቴሎች የሚኖሩት በአገሩ ሰው ነው፤ ለአገሩ ሰው ደግሞ ለፈረንጅ ከሚደረገው ያነሰ መስተንግዶ አይገባውም።

ባለ ግሮሰሪዎች፣ እባካችሁ ጠርሙሱን ከመስኮት አንሡት። ቡሽ ያለውን አጋድሙት። የገባበትን ወርና የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ገዢዎችም ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ከየት እንደመጣና ከምን ዘር እንደተጠመቀ ጠይቁ። ከመደርደሪያው አንድ ምረጥ ብትሉኝ፣ ሪፍት ቫሊ ሲራን ከበግ ጥብስ ጋር እመርጣለሁ፤ በእጥፍ ዋጋ አጠገቡ ከቆመው የውጭ ጠርሙስ አያንስም።